ለአንዲት እናት የምትበቃ ጀልባ

ታናሽ እኅቴ በደብረ ታቦር ከተማ መምህርት ናት። የሁለት ልጆች እናት እንደመሆኗ ጧት ልጆቿን አብልታና አልብሳ ታሰናዳለች፤ ቀን የሰው ልጆች ስታስተምር ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ወጡን ጥዳ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። እንዲህ ያለውን ኑሮ ለዚህ ዓምድ አንባቢያን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን እዚሁ ላይ አቆመዋለሁ።

ባለፈው መስከረም ውጭ አገር የሚኖረው ወንድማችን ለጥምቀት እንደሚመጣ በስልክ ሲነግረን፣ ለእያንዳንዳችን ምን ይዞ እንዲመጣ እንደምንፈልግ ጠየቀን። እናታችን የደም ግፊት መለኪያ አለች። እኔ ጫማ አልኩ። ታናሼ ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ አንዲት ትንሽ ጀልባ እንደምትፈልግ ተናገረች። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ በ2,700 ሜትር ከፍታ ገደማ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ ሰው ከዚያ ተነስቶ ጀልባ ይመኛል ብሎ ማን ይጠብቃል? እኅቴ ግን አልሳቀችም። የምትፈልጋት ጀልባ ለልጆቹ መጫወቻ ሳትሆን ለራሷ እንደሆነች፣ በወር አንድ ቅዳሜ እንኳ ቢሆን ወርዳ ረጋ ባለ ውሃ ላይ ማንም ሳይጠራት ለአንድ ሰዓት መቀመጥ እንደምትሻ አስረዳችን። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ወንድማችን ጉዳዩን ከቁም ነገር ቆጥሮት በሳምንቱ ደወለ። እርሱ በሚኖርበት አገር ካያክ የሚባሉት ጀልባዎች ዓይነታቸው ብዙ በመሆኑ የትኛውን ልግዛ ሲል ጠየቀ። የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። ጋዜጠኛ ሁሉን ያውቃል የሚል እምነት በቤተሰባችን ዘንድ አለ፤ እኔም ይህን እምነት ለማፍረስ ስላልፈለግሁ ጠይቄና አንብቤ፣ በመጨረሻም ራሴ ውሃ ላይ ወጥቼ የደረስኩበትን ለእኅቴም ለእናንተም አቀርባለሁ።

ካያክ ማለት ቀዛፊው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥባት፣ ሁለት ጫፉ እንደ ጭልፋ ሰፋ ባለ አንድ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እያለ የሚነዳት ቀላል ጀልባ ናት። መገኛዋ የበረዶው አገር ነው። በግሪንላንድ፣ በሰሜን ካናዳና በአላስካ የሚኖሩ አዳኞች ከእንጨትና ከአጥንት አጽም ሠርተው፣ በላዩ ላይ የአቆስጣ ቁርበት እየለበጡ በባሕር ላይ ሲያድኑባት ኖረዋል። ቁርበቱን ውሃ እንዳያስገባ አድርገው የሚሰፉት ሴቶቹ ነበሩ። ስፌቱ ከላላ ባል አይመለስም ማለት ነውና የቀላል ሰው ሥራ አልነበረም። እዚያው አገር ሴቶች ራሳቸው የሚቀዝፉት፣ ልጅ፣ ሽማግሌና ጓዝ የሚጫንበት ኡሚያክ የሚባል ሰፊ ጀልባ ነበራቸው፤ የሴቶች ጀልባ ተብሎም ይታወቅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልቤን የሳበው ግን የአለካካቸው ነገር ነው። ካያክ የሚሠራው እንደ ልብስ በባለቤቱ ገላ ልክ ነበር። ርዝመቱ የሰውየው እጆች ተዘርግተው ሦስት ጊዜ ያህል፣ የመቀመጫው ስፋት ደግሞ የዳሌው ስፋትና ከዚያ ላይ ሁለት ጭብጥ። ለሌላ ሰው የተሠራ ጀልባ እንደ ሌላ ሰው ጫማ ነው ማለት ነው። ስለዚህም ለወንድማችን የመጀመሪያው መልሴ፣ ከገበያው በፊት የእኅታችንን ቁመትና ክብደት፣ ቀጥሎም የምትወጣበትን ውሃ እንዲያስብ ሆነ።

ውሃውን እናስቀድም። ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። ሁለቱም ከዚያ ተነስተው በደራና በፎገራ በኩል ወርደው ጣና ይገባሉ። ከላይ በኩል ድንጋያማና ተንደርዳሪ ስለሆኑ ለመዝናናት ለሚቀዝፍ ሰው አይሆኑም፤ ወደ ፎገራ ሜዳ ሲደርሱ ግን ዝግ ይላሉ። ይሁንና ዝግ ማለታቸው ዓመቱን ሙሉ አይደለም። በክረምት ምን እንደሚያደርጉ የፎገራና የሊቦ ከምከም ሰው ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ የጎርፉ ውሃ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ማስወጣቱ አይረሳም። በበጋው መጨረሻ ደግሞ ውሃው ለመስኖ እየተሳበ ይሳሳል፤ ጀልባ ለማስኬድ ቀርቶ ለእግር መታጠቢያም የማይበቃበት ቦታ አለ። ለእኅቴ የሚሆነው ጊዜ እንግዲህ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት የወንዙ የታችኛው ክፍል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የጣና ዳርቻ ነው።

ከጣና የሚወጣው የዓባይ ነገር ግን ሌላ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ታች የሚወስደው ውሃ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ ይደርሳል፤ መንገዱም ድንጋይና ሞገድ የበዛበት ነው። በ1996 ዓ.ም. ጎርደን ብራውን የተባለው ቀዛፊ ከፓስኳሌ ስካቱሮ ጋር ሆኖ፣ እርሱ በካያክ ጓደኛው በጎማ ጀልባ፣ ከዓባይ መነሻ ተነስተው በ114 ቀናት ሜዲቴራኒያን ባሕር ደርሰዋል። ከእነርሱ በፊት በ1960 ዓ.ም. ክረምት በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዞች ቡድን በዓባይ ሲወርድ አንድ አባሉን ውሃ ወስዶበታል። ወንድማችን በቪዲዮ የሚያያቸው አጫጭርና እንደ ሙዝ የጎበጡ ካያኮች ለእንዲህ ያለው ውሃ የተሠሩ ናቸው። ቶሎ እንዲዞሩ ተብለው ስለተሠሩ በረጋ ውሃ ላይ ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ ለማረፍ የወጣችውን ሴት ሲያሽከረክሯት ይውላሉ። የባሕር ካያክ የሚባለው ደግሞ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ይፈጥናል፤ ለጀማሪ ግን ይወላውላል። ሁለቱንም ከዝርዝሩ ሰረዝናቸው።

በዚህ መካከል ነበር እኅቴና እኔ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነስተን፣ በወረታ በኩል ባሕር ዳር የወረድነው። ጀልባ ከመግዛት በፊት በአገር ጀልባ ተቀምጦ ማየት ይሻላል ብለን ነው። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚሠራ መሆኑ የታወቀ ነው። የደንገሉ አገዳ ታጭዶ ይደርቅና በእቅፍ በእቅፍ እየታሰረ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ይሰፋል። በዚህ ሙያ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ታንኳው የሚንሳፈፈው አገዳው ውስጥ ባለው አየር ስለሆነ ቢገለበጥ እንኳ አይሰጥምም። ጉዳቱ ውሃ መምጠጡ ነው፤ ስለዚህም ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው። ባለታንኳው ውስጡ ላይ ሌላ የደንገል ንጣፍ ጨምሮ ከውሃው ከፍ ብሎ ይቀመጥና አንድ ረጅም ቀርከሃ በሁለት እጁ ይዞ ግራ ቀኝ ይቀዝፋል። አቀዛዘፉን ያየ ሰው ከካያክ አይለየውም። የበረዶው አገር ሰውና የጣና ሰው ሳይተያዩ አንድ ዘዴ ማግኘታቸው ይገርማል።

ይህ ደንገል አገር አቋርጦ የሄደበትም ጊዜ አለ። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ተመራማሪ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ማቋረጥ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት፣ 12 ቶን ያህል የጣና ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ ራ የተባለችውን ጀልባ አሠራ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነስታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ፣ ኋላዋን ወደ ላይ ወጥሮ መያዝ የሚገባው ገመድ ስላልነበራት ኋላዋ እየሰጠመ ሄዶ ተተወች። በዓመቱ ዳግማዊት ራ ተሠርታ በ57 ቀናት ባርባዶስ ደረሰች። ለእኛ ጉዳይ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ታንኳን እንደ ኋላ ቀር ዕቃ የሚያዩ ሰዎች ስላሉ ነው ያነሳሁት።

ወደ ቅዳሜያችን ልመለስ። እኅቴ ከመግባቷ በፊት ባለታንኳው ምንም ሳይነግራት ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ግራና ቀኙን ይዛ መሐል ላይ ተቀመጠች። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ቆሜ ስገባ ታንኳው ወደ ጎን አጋደለና በጉልበቴ ውሃ ውስጥ ተንበረከክሁ። ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም ነበር። ድንጋጤው ግን የትየለሌ ነው፤ እኔም እኅቴም ዋና አናውቅም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያን ጊዜ ገባኝ። በትንሽ ጀልባ ሁሉ የሚሠራው ሕግ አንድ ነው፤ ክብደት መሐል ላይና ዝቅ ብሎ ሲሆን ጀልባዋ ትረጋለች፣ ሰው ሲቆም ትናወጣለች። የረጋ ጀልባ ማለት ከሁሉ በፊት ሰፊ ጀልባ ማለት ነው።

ስለዚህ ለወንድማችን የላክንለት የመጀመሪያው ልክ ስፋት ነበር። ለመዝናኛ ተብለው የሚሠሩት ካያኮች ርዝመታቸው ከ2 ሜትር ከ70 እስከ 3 ሜትር ከ70፣ ስፋታቸው ከ70 እስከ 80 ሣንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች፣ ዋና የማታውቅ ሴት ከ75 ሣንቲ ሜትር በታች ባትገዛ ይሻላል። ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃታል፤ ከዚያ ካጠረ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ ከረዘመ ደግሞ ለማዞርም ለመሸከምም ያስቸግራል። በጀልባው ላይ የሚጻፈውን የክብደት ልክ በተመለከተ፣ 120 ኪሎ ይችላል ቢባል 120 ኪሎ ይጫንበት ማለት እንዳይመስላችሁ። ያን ያህል ከተጫነ ጠርዙ ከውሃው ጋር ይስተካከላል። ከሦስት እጅ ሁለቱን፣ ማለትም 80 ኪሎ ያህል፣ ከነስንቅና ከነልብስ መቁጠር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከባድ ሆኖ አገኘነው። ካያክ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለው። አንደኛው ቀዛፊዋ እግሯን ወደ ውስጥ ከትታ እንደ ጫማ የምትገባበት ነው፤ ከፀሐይና ከውሃ ይከልላል፣ ቢገለበጥ ግን ውስጡ ውሃ ይሞላል፣ ለማታውቅ ሴትም መውጣቱ ያስጨንቃታል። ሁለተኛው ከላዩ ላይ የሚቀመጡበት ነው፤ ቢገለበጥ ሰውዬው ይወድቅና ተመልሶ ይወጣበታል፣ ውሃም አይዝም፣ መቀመጫው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ተመልሶ ይፈስሳል። ለዋና የማያውቅ ሰው ሁለተኛው ይመረጣል ተብሎ በየቦታው ይመከራል። እኔም እንዲሁ ልል ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ቀዳዳዎች ውሃ ሲወርድ እንደሚወጣም አለ፤ ተቀማጩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በአውሮፓ ወንዝ ላይ እርጥብ መሆን ከብርድ አያልፍም። በጣና ዳርቻ ግን ቢልሃርዚያ አለ።

ይህን ነገር እናቶች ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል በዳርቻው ሣርና ጭቃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ፣ በተለይም ፀሐይ በምትበረታበት የቀትር ሰዓት፣ ውሃ የነካ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል። ጥልቅና ከዳር የራቀ ውሃ አደጋው ይቀንሳል፤ ችግሩ ያለው ለመግባትና ለመውጣት እግር በሚነከርበት ጥግ ላይ ነው። ስለሆነም እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ማድረግ፣ በሣሩ መካከል ሳይሆን ንጹሕ ድንጋይ ወይም መውጫ ባለበት በኩል መግባት፣ ልጆችንም ዳር ላይ ሲንቦጫረቁ አለመተው ያስፈልጋል። ውሃ የነካው ሰው ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር ቢያይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጣና ዳር እንደነበር ይንገር፤ መድኃኒቱ ይገኛል፣ ይድናልም። እኔም በጉልበቴ ተንበርክኬ ስለነበር ጊዜውን ጠብቄ ተመርምሬአለሁ።

በመጨረሻ ሁለቱን ችግር የሚያስታርቅ ሦስተኛ ዓይነት አገኘን። በአየር የሚነፋ፣ ላዩ ክፍት የሆነ፣ ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ ካያክ ነው። ወለሉ ቀዳዳ የለውም፣ ካለውም የሚደፈን ስለሆነ መቀመጫው ይደርቃል፤ ክፍት ስለሆነም የሚይዝ ነገር የለውም፣ ቢገለበጥ ሰው ወዲያው ይለቅቃል። ስፋቱ ከ80 ሣንቲ ሜትር የሚያልፈው ብዙ ነው። ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም የሆነውን መምረጥ ይቻላል፤ ተጣጥፎ በሻንጣ ስለሚገባ በአውሮፕላን ለማምጣትም፣ ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ ይዞ ለመውረድም ይመቻል። ከደረቅ ፕላስቲክ የሚሠራው ከ18 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል፤ ጠንካራ ነው፣ ግን እኅቴ በየትኛው አናት ልትሸከመው ነው?

የሚነፋው የራሱ ነውር አለው። አንደኛው እሾህ ነው። የእኛ አገር ዳርቻ ግራር የበዛበት ስለሆነ ጀልባውን መሬት ለመሬት መጎተት ፈጽሞ አይገባም፤ ሁለት ሆኖ ተሸክሞ ውሃ ላይ ማኖር ነው። በአንድ ፊኛ ብቻ የሚነፋውን ትተን ቢያንስ ሦስት የተለያየ የአየር ክፍል ያለውን ምረጥ አልነው፤ አንዱ ቢተነፍስ ሁለቱ ዳር ያደርሱታል። መለጠፊያና ማስቲሽ አብሮ እንዲገዛም አሳሰብነው። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የተነፋ ጀልባ ውስጡ ያለው አየር እየሰፋ ስፌቱን ይፈትነዋል፤ ጥላ ሥር ማኖር ወይም ጥቂት አየር ማስወጣት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ነፋስ ነው። ቀላል ስለሆነ ነፋስ እንደ ቅጠል ይወስደዋል። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ ከ14 እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ሐይቅ በመሆኑ ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ይታወካል፤ ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። በጧት ወጥቶ ከረፋዱ በፊት መመለስ የባለታንኳዎችም ልማድ ነው።

ከታች የሚገጠም፣ ጀልባውን ቀጥ የሚያደርግ ትንሽ ክንፍ አለው። የሚነቀል መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በፎገራና በሊቦ ከምከም ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው እምቦጭ ሥሩ ይተበትበዋል። እምቦጭ ወዳለበት ባይገባ ይመረጣል፤ መውጫው ከኋላ ሊዘጋ ይችላል። ጉማሬ በሚታይበት አካባቢማ ነገሩ ክርክር የለውም፤ ከሩቅ ተመልሶ መሄድ ነው። (የወንዙ ስምና የአውሬው ስም መመሳሰላቸውን አንባቢ ሳያስተውለው አይቀርም።) መቅዘፊያው ሰፊ ጀልባ ስለሆነ 2 ሜትር ከ30 ይሁን፤ ውሃ ወደ ክንድ እንዳይንጠባጠብ የጎማ ቀለበት ያለው ቢሆን ጥሩ ነው።

ከጀልባው አስቀድሞ የሚገዛው ግን የነፍስ አድን ጃኬት ነው። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ጀልባው ይቅር። ጃኬት የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በክብደትና በደረት ስፋት ነው። ለብሳ ሁሉንም ማሠሪያ ካጠበቀች በኋላ ሌላ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ቢስበው አገጭና ጆሮ ድረስ መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ሰፍቷታል። ለሕፃን ሲሆን በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሠሪያና ከአንገት በስተኋላ መያዣ ያለው ይሁን። ያድጋል ተብሎ አንድ ቁጥር ጨምሮ መግዛት ለጫማ እንጂ ለዚህ አይሠራም። በክንድ ላይ የሚነፉት ባለቀለም ፊኛዎች መጫወቻ እንጂ ነፍስ አድን አይደሉም።

ይህን ሁሉ ተስማምተን ጨረስን ስንል ትልቁ ክርክር ተነሳ። ወንድማችን ባለሁለት መቀመጫውን ልግዛ አለ፤ በዋጋ ብዙ አይለይም፣ ልጆቹንም ታስወጣበታለች ብሎ ነው። እናታችንም ደገፈችው። ባለቤቷም ነገሩ መልካም ነው አለ። ሁሉም በቅን ልቦና ነው የተናገረው። እኅቴ እንደ ወትሮዋ እሺ ልትል አፏን ስትከፍት አየኋትና ጣልቃ ገባሁ። ባለሁለት መቀመጫ ጀልባ ብቻዋን ለምትቀዝፍ ሴት ይረዝማል፤ ከኋላ ስትቀመጥ አፍንጫው ከውሃ ይነሳና ነፋስ ያዞረዋል። ይህ በቂ ምክንያት ነው፤ ቢሆንም እውነተኛው ምክንያቴ እርሱ አይደለም። ሁለት መቀመጫ ካለው አንዱ ባዶ አያድርም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልጅ ታስቀምጥበታለች፣ ውሃ አትንካ ስትል፣ ተቀመጥ ስትል፣ አፍንጫ ስትጠርግ ትውላለች፤ ጀልባዋም ሌላ የሥራ ቦታ ትሆናለች። ለልጆቹ ዋና ከተማሩ በኋላ የሚደረስበት ነገር ነው። ደግሞስ አባታቸው በዚያች አንድ ሰዓት ምን ሥራ አለው?

እናታችን በዚህ ተቆጣች። ሴት ልጅ ብቻዋን ውሃ ላይ ምን ትሠራለች የሚለውን ከዚህ በፊትም ብላ ነበር። እኔም አንድ ነገር ላይ ከእርሷ ጋር መስማማት ነበረብኝ፤ ብቻን መቀዘፍና ብቻን ውሃ መውረድ አንድ አይደሉም። ዳር ላይ የሚያይ ሰው ወይም አጠገቧ የሚቀዝፍ ባለታንኳ ሳይኖር መውጣት የለባትም። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናትም 20 ሜትር ገመድ ከጀልባው ኋላ ታስሮ ጫፉ ዳር ላይ በሰው እጅ እንዲያዝ፣ ከወገብ ጥልቀት እንዳታልፍና ተገልብጦ መውጣትንም እዚያው በጃኬት እንድትለማመድ ተስማማን። እኅቴም ባሕር ዳር ስትሄድ ዋና ለመማር ቃል ገብታለች። ከመነሳታቸው በፊት የመንገዱን ሁኔታ የሚጠይቀውም ባሏ ይሆናል።

ለወንድማችን የተላከው ጽሑፍ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ የሚነፋ፣ ላዩ ክፍት፣ አንድ መቀመጫ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ ከ80 ሣንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ሦስት የአየር ክፍል፣ ክንፉ የሚነቀል፣ ከነመንፊያውና ከነመለጠፊያው፤ የነፍስ አድን ጃኬት ለአንድ ትልቅ ሰው፤ የደም ግፊት መለኪያ። ጫማዬ ተረሳ።

ገመዱን ዳር ላይ ማን ይይዛል የሚለው ብቻ ቀርቶ ነበር። ባሏ እኔ እይዛለሁ አለ። እናታችን ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ የወንድ እጅ ሐሳቡ በስልክ ላይ ስለሆነ አይታመንም፣ እኔ ነኝ የምይዘው ብላለች።